ፈረሱ በፍላሽ ደንብሮ ሙሽራ ሊጥልብኝ ነበር፤ ጥፋቱ የፍላሹ ነው ወይስ የእኔ?

ውርጭ ፎቶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ነው። ፈረስ የማውቀው እንደማንኛውም የከተማ ልጅ ነው። በጋሪ ተሳፍሬ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ፣ ጉግስ ሲጫወቱ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አይቻለሁ። ከዚያ አያልፍም።

ባለፈው እሁድ ከተማው ዳር አንድ ሠርግ ነበረኝ። ሙሽራው በፈረስ ካልገባሁ ብሎ ከአጎቱ አንድ ዳማ ፈረስ ተዋሰ። ግላስ አልብሰውታል፣ ልጓሙ ላይ ቀይና ቢጫ ክር አንጠልጥለዋል፣ ሙሽራው ካባውን ደርቦ ሲመጣ የድሮ መኳንንት ነው የሚመስለው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እንደተለመደው ሁሉም ነገር ዘግይቶ ሲደርሱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐይዋ ጠልቃለች።

ፍላሼን ካሜራዬ ላይ ሰክቼ ከፈረሱ ፊት ለፊት ተንበረከክኩ። ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ፈረሱም ሰውዬውም ግዙፍ ሆነው ይወጣሉ። ሦስት አራት ጊዜ አነሳሁ፣ ፈረሱ ዝም አለ። ጠጋ ብዬ ደገምኩ። ብልጭ ሲል ወደ ጎን ዘለለ። የኋላ እግሩ ኮብልስቶኑ ላይ ተንሸራተተ፣ ሙሽራው አንዱ እርካብ ከእግሩ ወልቆ ጋማው ላይ ተጠመጠመ። አንድ ሚዜ ዘሎ ልጓሙን ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ማንም አልተጎዳም። የሙሽራው አጎት ያየኝ አስተያየት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ጾም ሳይገባ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ ባለፈረስ ሠርግ ይዣለሁ። ቀብድ ተቀብያለሁ። ፍላሽ የፈረስ ዓይን ይጎዳል? ሊደነብር ሲል በምን ይታወቃል? ወይስ ጨርሶ ፍላሹን ልተወው? ሌንሶቼ 50 እና 24-70 ናቸው።

ሰባ-ሁለት መቶ፦

ተወው በቃ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን፣ 3200 አድርግ፣ ሌንስህን እስከመጨረሻው ክፈት፣ ራቅ ብለህ አንሳ። ሙሽራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲደርስ ንገረው። እኔ ፈረስ በፍላሽ አላነሳም።

ውርጭ ፎቶ፦

ወንድሜ፣ ሙሽራ በሰዓቱ እንዲመጣ የምታደርግበት ዘዴ ካለህ መጀመሪያ እሱን ንገረኝ። 😅

የቦራ ጌታ፦

ልጄ፣ እንኳን እግዜር አተረፋችሁ። እኔ የአንጎለላ ሰው ነኝ። አባ ዳኘው ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አገር ነው። ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት ዘመን ነበር። አያታቸው ሣህለ ሥላሴም አባ ድና ነበሩ። ይህን የምልህ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፈረስ ከደጄ ጠፍቶ አያውቅም። የመጨረሻው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦራ ነበር። አሁን ልጆቼ ዘንድ ተቀምጬ ፈረስ የማየው በስልክ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈረሱ ከመደንበሩ በፊት ያነሳሃቸው ፎቶዎች አሉህ? ክፈታቸውና ጆሮውን እይ። እኔ ሳላያቸው እነግርሃለሁ፤ እሱ ነግሮሃል፣ አንተ ግን የሙሽራውን ፊት ነበር የምታየው።

ፈረስ የሚታደን እንጂ የሚያድን ፍጥረት አይደለም። ጋሻውም ጦሩም እግሩ ነው። መጀመሪያ ይሸሻል፣ ምን እንደነበር በኋላ ዞሮ ያያል። ስለዚህ «በማይረባ ነገር ደነበረ» ብለህ አትፍረድበት።

ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። የተማሩት 350 ዲግሪ ያህል ነው ይላሉ። የማያየው ከጭራው ኋላ ልክ በቀጥታ ያለውን፣ ደግሞም ከግንባሩ ፊትና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነው። አንተ የተንበረከክኸው የት ነበር? ራቅ ስትል ያይህ ነበር። ጠጋ ስትል ጠፋህበት። ከጠፋህበት ቦታ ደግሞ መብረቅ ወጣ። እኔም ብሆን እዘላለሁ። በዚያ ላይ ዝቅ ብሎ የሚጠጋ ነገር ለሱ ያደፈጠ አውሬ ነው። ላንተም አደጋ ነው፤ ተንበርክኮ ያለ ሰው ከኮቴ ቶሎ አያመልጥም።

አሁን ጆሮ። ሁለቱም ወደፊት ቀጥ ካሉ አንድ ነገር አይቷል፣ ገና አልወሰነም። አንገቱን አቅንቶ እንደ እንጨት ከደረቀ ጣትህን ከካሜራው አንሳ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዝላይ ነው። አንዱ ጆሮ ወደፊት አንዱ ወደ ኋላ ከሆነ አንተንም ጌታውንም እያዳመጠ ነው፣ እሱ ደህና ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ተለጥፈው ማጅራቱ ላይ ከተኙ ግን ተቆጥቷል። ወይ ይነክሳል ወይ ይራገጣል።

የዓይኑ ነጭ ሲወጣ፣ አፍንጫው ሲነፋ፣ ጭራውን ሲሸጉጥ ፈርቷል። ዝንብ ሳይኖር ጭራውን የሚያወናጭፍ ከሆነ አንድ ነገር አስመርሮታል። በኛ ውርጭ ደግሞ ምን ዝንብ አለ? ያረፈ ፈረስ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ የታች ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ አንዱን የኋላ እግሩን አጠፍ አድርጎ በኮቴው ጫፍ ያቆማል። ሊራገጥ የተዘጋጀም እግሩን ያነሳል፤ ሁለቱን የሚለይልህ አሁንም ጆሮው ነው። ከድንጋጤ በኋላ አፉን ካላመጠና ረጅም ትንፋሽ ካወጣ ልቡ ተመልሷል፣ እስከዚያ ጠብቀው።

ስትቀርበው በትከሻው በኩል፣ እያወራኸው፣ ቀስ ብለህ። ምን እንደምታወራ ግድ የለውም፣ የቦራ ጆሮ የኔን ዕዳ ሁሉ ሰምቷል። ከኋላው ማለፍ ግድ ከሆነብህ ወይ 4 ሜትር ራቅ፣ ወይ እጅህን ዳሌው ላይ አድርገህ ተጣብቀህ እለፍ። ርግጫው የሚያርፈው መሃሉ ላይ ነው።

ውርጭ ፎቶ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካርዱን ከፍቼ አየሁት። አምስት ፎቶ ነው ያለው። በመጀመሪያው አንዱ ጆሮ ወደ ሙሽራው ዞሯል። በሁለተኛው ሁለቱም ወደኔ። በሦስተኛው አንገቱ ወጥቷል። በአራተኛው የዓይኑ ነጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አፍንጫው ተነፍቷል። እኔ ደግሞ ያችን አራተኛዋን «ግርማ ሞገሱ!» ብዬ ለሙሽራው ልኬለታለሁ። አምስተኛው ላይ ያለው ሰማይና የሚዜ እጅ ነው።

የሞላሌዋ፦

ሁላችሁም ስለ ፍላሹ ብቻ ታወራላችሁ። ሠርግ ላይ እኮ እልልታው አለ፣ የመኪና ጡሩምባው አለ፣ ድምፅ ማጉያው አለ፣ ሕፃናቱ ጭራውን ሊነኩ ይራኮታሉ። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ማለት ይሄ ነው። እኛ ቤት እህቴ ስትዳር ፈረሱን ያስደነበረው ፍላሽ አልነበረም፣ አንዱ ካሜራማን በፊቱ ጧ አድርጎ የዘረጋው ነጭ ጃንጥላ ነው። ሁለት ፈረሶች ነበሩ። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ተከተለው። እልል የምትሉ እናቶችን ለሁለት ደቂቃ ዝም ማሰኘት የሚችል ሰው ካላችሁ ከካሜራው ይበልጣል።

ሰባ-ሁለት መቶ፦

ቀድም ያልኩትን ትንሽ ላለስልስ። የጋሼን ካነበብኩ በኋላ እኔም የድሮ ፎቶዎቼን አገላበጥኩ፣ ብዙ ጆሮ ሳላይ አልፌያለሁ።

ስለ ዓይኑ ጠይቀህ ነበር። ተራ ፍላሽ ከ4 እና 5 ሜትር የፈረስን ዓይን አያጠፋውም። ጭንቁ ለጊዜው ማየት ማቆሙ ነው። ሲመሽ ብሌኑ ተከፍቷል፣ ደግሞ የፈረስ ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመመለስ ከኛ ይዘገያል። ሰው ተሸክሞ ኮብልስቶን ላይ እየተራመደ ያለን ፈረስ ፊቱ ላይ ብልጭ ካደረግክበት ቀጣዩን እርምጃ በጨለማ ነው የሚረግጠው። ስለዚህ በፍላሽ የምታነሳው ቆሞ፣ ጌታው ልጓሙን ይዞት ብቻ ነው። ሲራመድና ሲጋልብ አይሞከርም።

ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውርደው። ፍላሹን ከርቀት የሚያስበራ ትሪገር ግዛ፣ ፍላሹን ረዳትህ ይያዝልህ። ማቆሚያ ዘንግ ላይ አትስቀለው፣ የደብረ ብርሃን ንፋስ ሲጥለው ሌላ ጉድ ነው። ብርሃኑ ከፈረሱ ፊት ሳይሆን ከትከሻው አቅጣጫ በጎን ይምጣ። ለሥዕሉም ይጠቅምሃል። የፈረስ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ንጣፍ አለው፤ ማታ በመኪና መብራት የሚያበራው ለዚህ ነው። ካሜራ ላይ የተሰካ ፍላሽ ያንን ቀጥታ ወደ ሌንስህ ይመልሰዋል፣ ፈረሱ አረንጓዴ አምፖል የዋጠ ይመስላል።

ፍላሹ ብርሃኑን ራሱ ከሚመጥንበት ከቲቲኤል አውጥተህ ማኑዋል አድርገው፣ መጠኑን አንተ ወስን። ቲቲኤል ከዋናው በፊት መለኪያ ብልጭታ ይለቃል። የቀይ ዓይን መቀነሻውንም አጥፋው፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ ቀድሞ ይብለጨለጫል። የፍላሹን ኃይል 1/16 ወይም 1/32 ላይ ጀምር፣ የጎደለውን በአይኤስኦ ሙላ። ሻተርህ 1/200 ይሁን። ፍላሹ ሲሞላ ጢጥ የሚለውንም ድምፅ ዝጋው፣ ጆሮውን ወዳንተ ያዞረው እሱ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደሱ አዙረህ ብርሃኑን አስመልስ፣ ከዚያ የተሻለ የለም።

አለዚያ ኤልኢዲ መብራት። ቀስ እያልክ ከፍ ካደረግከው ሳይደነግጥ ይለምደዋል። ብልጭታ ግን ድንገት ነው።

በነገራችን ላይ ከተማህ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል። የንጉሡ ፈረሶች ያን ጊዜ ምን እንዳደረጉ ግን የነገረን የለም።

የቦራ ጌታ፦

ፈረሶቹማ እስከ አንጎለላ ሮጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ ነው እኛ ጋ ፈረስ የበዛው። 😄

ልጄ፣ ለሠርጉ ያለው ፈረስ የማን እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቅ። በሠርጉ ቀን አትተዋወቁ። ቀደም ብለህ ሂድ፣ በቀን ብርሃን፣ እሱ በለመደው ግቢ። እፍኝ ገብስ ይዘህ ሂድ። ባለቤቱ ይያዘው እንጂ ዛፍ ላይ እንዳታስሩት፤ የታሰረ ፈረስ ሲደነግጥ ወይ ለኮውን ይበጥሳል ወይ አንገቱን ይጎዳል። ፍላሽህን 15 ሜትር ርቀህ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረህ አንዴ ብቻ ብልጭ አድርግ። ቁም። ጆሮውን እይ። ወደ ገብሱ ከተመለሰ ቅረብ። ካልተመለሰ ለዛሬ በቃህ፣ ነገ ተመለስ። በግራው ከለመደ በቀኙም እንደገና ጀምር፤ በአንድ ዓይኑ ያየውን በሌላው ሲያየው እንደ አዲስ የሚደነግጥ ብዙ ነው።

ድንጉላ፣ ማለትም ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ፣ አካባቢው ባዝራ (ሴት ፈረስ) አለመኖሯን ጠይቅ። ካለች ፍላሹም ገብሱም ዋጋ የለውም። በጋሪ ፈረስ ልለማመድ ብለህም እንዳታስብ። አንዳንዱ ዓይኑ ግራና ቀኝ በቆዳ ተከልሏል፣ ጨዋ የሚመስልህ ስለማያይህ ነው።

ውርጭ ፎቶ፦

ሄድኩ፣ ጋሼ። ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ነው ቤታቸው። ፈረሱ አምባላይ ነው፣ የተኮላሸ ሰንጋ ነው፣ ባዝራ የለችም። መጀመሪያ ቀን ከ15 ሜትር ብልጭ ሳደርግ አንገቱን አውጥቶ ደረቀ። ባለቤቱ «አይዞህ፣ አይዞህ» ሲሉት ለኔም ይሁን ለሱ አላወቅሁም። ፍላሹን ዘግቼ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ሁለተኛው ቀን ገብሱን እየበላ አንዱን ጆሮ ብቻ አዞረ። በሦስተኛው ቀን 5 ሜትር ደረስኩ፣ በሁለቱም ጎን። እናቶችን ለማግባባትም ሄጃለሁ። እልልታው ፎቶው ካለቀ በኋላ ይሁን አልኳቸው። አንዷ «ፈረሱ ነው ወይስ ሙሽራው የሚዳረው?» አሉኝ።

ትናንት ሠርጉ ነበር። እንደፈራሁት መሽቶ ነው የመጡት። ባለቤቱ ልጓሙን ይዘው አቆሙት፣ ረዳቴ ፍላሹን ያዘ፣ እኔ በትከሻው በኩል ቆሜ እንጂ ተንበርክኬ አይደለም። ስድስት ጊዜ ብቻ አነሳሁ። ከስድስቱ ይቺን ለጥፌያታለሁ። ጋሼ፣ ጆሮውን ይዩልኝ።

የቦራ ጌታ፦

አየሁት። አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደ ጌታው። ከንፈሩም ልል ነው። ሙሽራውም አምሮበታል።

ፍላሽ የያዘው ልጅ ግን ከጭራው ኋላ ምን ይሠራል?