ውሃ በእርግጥ ነዳጅ ሊሆን ይችላልን?

ሚኒባስ ከአዳማ (ጠያቂ)፦

በናፍጣ በሚሠራ ሚኒባስ ከአዳማ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ቤተሰብ የማስተዳድር ሰው ነኝ። የናፍጣ ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ በመምጣቱ ከዕለት ገቢዬ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ነዳጅ ሆኗል። በቅርቡ ባለሙያ መሆኑን የነገረኝ አንድ ሰው፣ ከሞተሩ አጠገብ ውሃ የሚሞላበት ዕቃ ቢገጠምልኝ ውሃው ወደ ጋዝ ተለውጦ ከናፍጣው ጋር እንደሚነድና ወጪዬን በግማሽ እንደሚቀንስልኝ አስረድቶኛል። የጠየቀኝ ገንዘብ ቀላል አይደለም። በውሃ ብቻ የሚሄዱ መኪኖች እንደተሠሩና የነዳጅ ኩባንያዎች እንዳፈኗቸው የሚናገሩ ቪዲዮዎችንም ደጋግሜ አይቻለሁ። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን እንደሚገኝ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ሃይድሮጅን ደግሞ የሚነድ ጋዝ ነው። ታዲያ ውሃን ነዳጅ አድርጎ መጠቀም የማይቻለው ለምንድን ነው? ወይስ ይቻላል? ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ጉዳዩን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፦

መነሻ ያደረጉት ነገር ትክክል ነው። ውሃ የሁለት ጋዞች ውሁድ መሆኑ ከፈረንሳዊው ላቮይዚዬ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1780ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ1800 ደግሞ ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ እንግሊዛውያን በዚያው ዓመት ይፋ በሆነው የቮልታ ባትሪ ተጠቅመው ውሃን ወደ ሁለቱ ጋዞች ከፍለውታል። ስለዚህ ከውሃ ሃይድሮጅን ማውጣት ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዕውቀት ነው፤ ማንም የደበቀው ምሥጢር አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ነዳጅ የምንለው ገና ከኦክሲጅን ጋር ያልተዋሐደ፣ ሲዋሐድም ሙቀት የሚለቅ ነገር ነው። ውሃ ውህደቱን ጨርሷል። እንጨት ሲነድ አመድ እንደሚተርፍ ሁሉ ሃይድሮጅን ሲነድ የሚተርፈው ውሃ ነው፤ ሊለቀው የሚችለውን ሙቀት ለቆ ያበቃ ነገር ነው ማለት ነው።

በቁጥር ላስቀምጠው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 111 ግራም ያህል ሃይድሮጅን አለ፤ ይህ ሃይድሮጅን ሲነድ 15.8 ሜጋጁል (ሜጋጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል። የአንድ ሊትር ናፍጣ ሙቀት 36 ሜጋጁል ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው ያለ ምንም ወጪ ተከፍሎ ቢሰጠን እንኳ የግማሽ ሊትር ናፍጣን ያህል አይሆንም ነበር። ይሁንና ያለ ወጪ አይከፈልም። ውሃውን ለመክፈል በኤሌክትሪክና በሙቀት መልክ ተደምሮ የሚያስፈልገው ጉልበት በትንሹ ያው 15.8 ሜጋጁል ነው፤ ከውሃ ተነሥተን ተመልሰን ውሃ ላይ እስከደረስን ድረስ በመካከል የሚተርፍ ጉልበት ሊኖር አይችልም። ይህ የማሽኑ ጥራት ጉዳይ አይደለም። የተሻለ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር)፣ የተሻለ ብረት ወይም የተለየ የኤሌክትሪክ ሞገድ ብክነቱን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ከዚያ ወለል በታች ሊያወርደን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆን ካንዚየስ የተባለ አሜሪካዊ በሬዲዮ ሞገድ ጨዋማ ውሃ ሲነድ ባሳየ ጊዜ ብዙዎች ተደንቀው ነበር፤ እሳቱ እውነተኛ ነበር፣ ዳሩ ግን የሬዲዮ ማሰራጫው የሚወስደው ጉልበት ከእሳቱ ከሚገኘው ይበልጣል።

ውሃን በየቀኑ ያለ ምንም ጩኸት የሚከፍል አንድ አካል ግን አለ፤ እርሱም የተክል ቅጠል ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን የሚወጣው ቅጠሉ ከከፈለው ውሃ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ብርሃን ነው። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን በ1972 ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በተባለ ነገር ላይ ብርሃን በማሳረፍ ውሃን መክፈል እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ይህንኑ የቅጠል ሥራ ለመኮረጅ የሚደረገው ምርምር ቀጥሏል፤ እኔ በግሌ ከልብ ተስፋ የማደርግበት ምርምር ነው። ነገር ግን በዚህም ቢሆን ነዳጁ ፀሐይ ነው፤ ውሃው የፀሐይን ጉልበት የምናስቀምጥበት ዕቃ ነው።

ጋራዥ ሠፈር፦

የናፍጣ ሞተር ጥገና ሙያዬ ስለሆነ ስለ ዕቃው ልናገር። በመጀመሪያ ግን ብዙ ሰው «ውሃ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚልበትን አንድ ነገር ላንሣ። በየጋራዡ በያጆች ካርባይድ የሚባለውን ድንጋይ መሳይ ነገር በጋኑ ውስጥ አድርገው ውሃ ሲያስነኩት የሚነድ ጋዝ ይወጣል። ያ ጋዝ አሴቲሊን ነው፤ ጉልበቱ የመጣው ከካርባይዱ ነው። ካርባይድ የሚመረተው ኖራንና ኮክ የሚባለውን የተጣራ ከሰል ከ2000 ዲግሪ በላይ በሚግል የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ አቅልጦ ሲሆን፣ በያጁ የሚያገኘው እሳት ፋብሪካው አስቀድሞ የከፈለው ጉልበት ነው። ሥራው ሲያልቅ በጋኑ ውስጥ የሚቀረው ነጭ የኖራ ጭቃም ድንጋዩ እንዳለቀ ይመሰክራል። በውሃ ውስጥ ጋዝ የሚያወጣ አልሙኒየምም እንደዚሁ ነው፤ ያለቀው ብረቱ ነው።

አሁን ወደ ሚኒባስዎ እንመለስ። ሰውየው ሊገጥምልዎ ያሰበው ዕቃ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ወስዶ ውሃን የሚከፍል ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ የሚሠራው በናፍጣ ነው። ዕቃው በ12 ቮልት 20 አምፒር ቢወስድ 240 ዋት ማለት ነው። ዲናሞ ከሚቀበለው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 60 በመቶውን ያህል ብቻ ስለሆነ ከሞተሩ ላይ 400 ዋት ይወስዳል። ከዚያ የሚወጣው ሃይድሮጅን በሙቀት ሲመዘን ከ180 ዋት አይበልጥም፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከሙቀቱ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ያህል በመሆኑ ተመልሶ የሚያገኙት 60 ዋት ነው። 400 ዋት ሰጥተው 60 ዋት ይቀበላሉ። ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ በፈጣን መንገድ ላይ ከ10 ሺህ ዋት በላይ እንደሚፈልግ ሲያስቡት፣ 60 ዋቱ ባይጠፋ እንኳ ወጪን በግማሽ መቀነስ ቀርቶ በነዳጅ መለኪያው ላይ የሚታይ አይሆንም።

ከኪሳራው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አደጋው ነው። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተቀላቅለው ያሉበት በመሆኑ አየር እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ አንድ ፍንጣሪ ካገኘ በቱቦው ውስጥ ተመልሶ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ብዙውን ጊዜ የሚጨመርበት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ነገር ነው። ሰው በሚጭኑበት መኪና ላይ ይህን ማስገጠም አይገባም።

ሚኒባስ ከአዳማ (ጠያቂ)፦

ስለ ዲናሞው የተሰጠኝ ስሌት ግልጽ ሆኖልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። አንደኛ፣ በአሜሪካ በውሃ የሚሄድ መኪና ሠርቶ ተገደለ የሚባለው ሰው ታሪክ እውነት ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ዕቃውን ያስገጠሙ ሁለት የማውቃቸው ሾፌሮች ናፍጣ እንደቀነሰላቸው በሙሉ ልብ ይናገራሉ፤ እንደሚዋሹ አላስብም።

መዝገብ አገላባጭ፦

የሚሉት ስታንሊ ሜየር የተባለውን የኦሃዮ ሰው ነው። ፈጠራውን ለመሸጥ መብት የገዙ ሁለት ሰዎች ከሰውት በ1996 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ተመልክቷል። ባለሙያዎች ዕቃውን መርምረው የተለመደ የውሃ መክፈያ መሆኑን መሰከሩ፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቱ ከባድ ማጭበርበር ነው ብሎ 25 ሺህ ዶላሩን እንዲመልስ አዘዘ። ሜየር በመጋቢት 1998 ምግብ ቤት ውስጥ ሳለ ወድቆ ሞተ፤ የሞት መርማሪው ምክንያቱ በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር መፈንዳት መሆኑን አስታወቀ። የሜየር ፓተንቶች (የፈጠራ መብት ሰነዶች) ዛሬም በይፋ ይነበባሉ፣ የጥበቃ ጊዜያቸውም አልፏል። የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ፋብሪካ ያለ ፈቃድ ሊያመርተው ይችል ነበር። በጃፓንም በ2008 ጄኔፓክስ የተባለ ኩባንያ በኦሳካ «በውሃ የሚሄድ» መኪና አሳይቶ በማግሥቱ ዓመት ሥራውን ዘግቷል።

የማፈን ወሬ የማያሳምነኝ ግን በዋነኛነት በእነዚህ ሰዎች ታሪክ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ ያጡ አገሮች ያደረጉትን ስመለከት ነው። ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድፍድፍ ነዳጅ ባነሳት ጊዜ በከፍተኛ ወጪ ቤንዚን የሠራችው ከድንጋይ ከሰል ነው። ደቡብ አፍሪካም በሳሶል ፋብሪካ አማካይነት ከ1955 ጀምሮ ያንኑ አድርጋለች፤ በአፓርታይድ ምክንያት በተጣለባት ማዕቀብ ዘመንም በዚሁ ተደግፋ ቆይታለች። ሕልውናቸው በነዳጅ ላይ የተንጠለጠለ፣ የበቁ ኬሚስቶች የነበሯቸው፣ ለማንም ኩባንያ ትእዛዝ የማይገዙ መንግሥታት ውሃው በደጃቸው እያለ ወደ ከሰል የሄዱት ከውሃ ጉልበት እንደማይገኝ ስለሚያውቁ ነው።

ባለ ተርባይን፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ «ውሃ ፈጽሞ የጉልበት ምንጭ አይሆንም» ተብሎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። በኬሚስትሪው መንገድ አይሆንም። ሌሎች መንገዶች ግን አሉ።

አንዱ በውሃ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ከባዱ ሃይድሮጅን፣ ዲዩቴሪየም፣ ነው። ከ6400 የሃይድሮጅን አተሞች አንዱ ያህል እርሱ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ያለው ዲዩቴሪየም በኒውክሌር ውህደት፣ ማለትም የአተሞቹ እምብርቶች እርስ በርስ ሲዋሐዱ፣ ሙሉ በሙሉ ቢዋሐድ የ300 ሊትር ቤንዚን ያህል ጉልበት ይሰጣል። እዚህ ላይ ውሃ በእርግጥ ነዳጅ ይሆናል ማለት ይቻላል። ሆኖም በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያው የሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ በተገኘው ታሪካዊ ውጤት እንኳ ከ2.05 ሜጋጁል የሌዘር ብርሃን 3.15 ሜጋጁል ሲገኝ፣ ሌዘሮቹ ከኤሌክትሪክ መስመር የወሰዱት 300 ሜጋጁል ያህል ነበር። ሙከራው የተደረገውም በዲዩቴሪየም ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮ እምብዛም በማይገኘው ሌላ ከባድ ሃይድሮጅን፣ በትሪቲየም፣ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ለእኛ የቀረበው ነው፤ የሚወርድ ውሃ። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ዓባይ የሚያወርደው ግን ብዙ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚህ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን ማውጣት ይቻላል፤ ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ኪሎ ውሃና ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ለመኪና ግን አልመክረውም። ሃይድሮጅኑ በመኪናው ውስጥ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን ከመጀመሪያው ጉልበት የሚተርፈው አንድ ሦስተኛው ያህል ነው፤ ያንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ላይ ብንሞላው አብዛኛው ጎማው ድረስ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ፊቱን ወደ ባትሪ መኪና ማዞሩ ከዚህ አንጻር ተገቢ ነበር።

ሃይድሮጅኑ በሚገባ የሚያገለግለው በማዳበሪያ ላይ ነው። በግብፅ አስዋን የሚገኘው የኪማ ፋብሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው በዓባይ ወንዝ ላይ ባለው የአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ ውሃ እየከፈለ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ያመርት ነበር። በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ከውጭ የምታስገባ አገር ይህን በጥሞና ልታጠናው ይገባል።

ጋራዥ ሠፈር፦

ስለ ሁለቱ ሾፌሮች ያነሡት ስላልተመለሰ ልጨምር። አይዋሹም። ዕቃው ሲገጠም መካኒኩ አብሮ የአየር ማጣሪያውን ያጸዳል፣ ኢንጀክተሩን ያያል፣ ጎማ ይነፋል፤ ሾፌሩም ውጤቱን ለማየት ጓጉቶ ቀስ ብሎ ይነዳል። ናፍጣው በእርግጥ ይቀንሳል፤ ያለ ዕቃውም ይቀንስ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ከአንደኛው ጋር ተነጋገሩና እንዲህ አድርጉ። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ ዕቃው ተቋርጦ አንድ ሙሉ ሳምንት ይሠራበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃው ተቀጥሎ ይሠራበት፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ከዚያው ማደያ እስከ አፉ ሲሞላ የገባው ሊትር በኪሎ ሜትሩ ይካፈል። መለኪያው ደርሶ መልስ መሆን አለበት፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወርዱ ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ የአንድ ወገን ጉዞ ብቻ ከለኩ ማንኛውም ዕቃ የሠራ ይመስላል።