የደንገል ታንኳ ወይስ የጣውላ ጀልባ?

ሰላም ጓዶች፣ ባሕር ዳር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ላይ መንጠቆ ይዤ የምወጣባት ትንሽ በመቅዘፊያ የምትሄድ ነገር ላሠራ አስቤያለሁ። ደንገል (ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል) ይሻላል ጣውላ?

ቆሮሶ ወዳጅ፦ ለጀማሪ ደንገል። ርካሽ ነው፣ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ብትገለበጥ እንኳ ታንኳው ይንሳፈፋል። ችግሩ ውሃ ይጠጣል፤ ስትመለስ ፀሐይ ላይ አቁመህ ካላደረቅኸው እየከበደ ይሄድና በጥቂት ወራት ይበሰብሳል። አሠራሩን የነገደ ወይጦ አባቶችን ጠይቃቸው፣ እንደነሱ የሚያውቀው የለም።

አምባዛ፦ መረብና ሁለት ሰው ከጫንክ ግን ጣውላ ነው የሚያዋጣህ። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ! እኔ ቸኩዬ እርጥብ ባሕር ዛፍ ገጠምኩ፣ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀና ዓሳ ላጠምድ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ በጆግ ውሃ ስቀዳ ዋልኩ።

የአርባ ምንጩ፦ እኛ ጫሞ ላይ አዞ ስላለብን ዝቅ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ ያስፈራል። እናንተም ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ፣ አትጠጋ። ደግሞ በጠዋት ውጣ፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ለትንሽ ታንኳ አይሆንም።

ጠያቂው፦ በቃ በደንገል እጀምራለሁ። ማድረቂያ ቦታ ግን ግቢዬ ጠባብ ነው፣ ሐይቁ ዳር ላይ ትቼው ብሄድ ይሰረቃል እንዴ?