የፋንጂዮ ድል 24 ነው ወይስ 22? ሰንጠረዡ አልገጥም አለኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ጥገና መምህርት ነኝ። ለክፍላችን ግድግዳ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ሹፌር የነበረውን የኹዋን ማኑኤል ፋንጂዮን ውጤት በሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው። ልጆቹ ሹማከርንና ሃሚልተንን እንጂ ይህን አርጀንቲናዊ አያውቁትም፤ እንዲያውቁልኝ በጣም እፈልጋለሁ። ሁለት ነገር ግን ያዘኝ። በ1951 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ (የሻምፒዮናው አንድ ውድድር) አሸናፊ ተብሎ ፋንጂዮም ፋጆሊም ተጽፈዋል። የማን ድል ነው? የ1954 ነጥቡ ደግሞ አንድ ቦታ 42፣ ሌላ ቦታ 57 ከአንድ ሰባተኛ ይላል። አንድ ሰባተኛ ነጥብ ከየት ይመጣል? አርብ መስቀል አለብኝ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ድሉ የሁለቱም ነው። ያኔ መኪናው የተበላሸበት ሹፌር የቡድን ጓደኛውን መኪና ተቀብሎ መቀጠል ይችል ነበር። የፈረንሳዩ ውድድር በተካሄደበት ሬምስ ላይ የፋንጂዮ አልፋ ሮሜዮ ችግር ገጠማት። ቡድኑ ሉዊጂ ፋጆሊን አስወርዶ መኪናውን ለፋንጂዮ ሰጠው፤ እሱም አሸነፈበት። የአሸናፊው 8 ነጥብ 4 ለ4 ተካፈለ። ድሉ ግን ለሁለቱም ተመዘገበ። ፋጆሊ ያን ቀን 53 ዓመቱ ነበር፤ በፎርሙላ ዋን እንደሱ በዕድሜ የገፋ አሸናፊ እስከ ዛሬ የለም። መኪናውን መቀማቱ ግን አንገበገበውና ከዚያ በኋላ በሻምፒዮናው አልተወዳደረም። እኔ ይሄ ታሪክ ሁሌም ያሳዝነኛል።
በ1956 አርጀንቲና ላይም እንዲሁ ነው። የፋንጂዮ የነዳጅ ፓምፕ ሲበላሽ የቡድን ጓደኛውን የሙሶን ፌራሪ ወስዶ አሸነፈ። ስለዚህ 24 ብለሽ ጻፊ፤ ሁለቱ የጋራ ናቸው።

መልስ 2፦
ወደ ነጥቡ ልምጣ። በ1954 የሚቆጠረው የአንድ ሹፌር ምርጥ 5 ውጤት ብቻ ነበር። ፋንጂዮ ያን ዓመት 6 ጊዜ አሸንፏል። አስቡት፣ አንድ ሙሉ ድል ሳይቆጠርለት ቀረ! 57 ከአንድ ሰባተኛ የሰበሰበው ሁሉ ነው፤ 42 የተቆጠረለት።
ሰባተኛዋ የመጣችው ከእንግሊዙ የሲልቨርስቶን ውድድር ነው። ለፈጣኑ ዙር 1 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ሰዓት ያዦቹ የሚለኩት በሙሉ ሴኮንድ ስለነበር 7 ሹፌሮች እኩል ወጡ። አንዷ ነጥብ ለሰባት ተቆራረሰች።

መልስ 3፦
መምህርት፣ በዓመት ከፋፍለው ቢጽፉት ለልጆቹ ይቀላል። 1950 ላይ 3፣ 1951 ላይ 3፣ 1953 ላይ 1፣ 1954 ላይ 6፣ 1955 ላይ 4፣ 1956 ላይ 3፣ 1957 ላይ 4። ድምሩ 24 ይመጣል። የተወዳደረው 51 ጊዜ ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው።
1952ን ባዶ አይተዉት እባክዎ። ከፓሪስ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ጣሊያን ውስጥ ወዳለው የሞንዛ መወዳደሪያ የደረሰው ውድድሩ ሊጀመር ሲል ነበር። ድካሙ እንዳለ ገብቶ ተገለበጠ፣ አንገቱ ተሰበረ። ዓመቱ በዚያው አለፈ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የጋራዎቹን ቀንሼ 22 ልጽፍ ነበር እኮ። አንድ ብቻ ቀረኝ፤ በ1954 መኪናው ማዜራቲ ነው ወይስ መርሰዲስ?

መልስ 2፦
ሁለቱም። አርጀንቲናንና ቤልጂየምን በማዜራቲ አሸነፈ። መርሰዲስ የደረሰለት ለፈረንሳይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእሱ ነው የነዳው።