ሁለቱን ክላኖች ስለማዋሐድ፦ እስከ ዓርብ የሚሟላ ረቂቅ

ጦሳ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት እንደተስማማነው ክላሽ ኦፍ ክላንስ በሚባለው የስልክ ጨዋታ ያለንን የደሴና የኮምቦልቻ ክላን (ቡድን) ከወልድያና ከላሊበላው ጋር የምናዋሕድበትን ሐሳብ እዚህ በጽሑፍ እናዘጋጅ። እሁድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለመላው አባላት ድምፅ ይቀርባል። እስከ ዓርብ ድረስ የጎደለውን ጨምሩ፣ ያላማራችሁን ሰርዙ። መነሻ የሚሆን ይኸውና፦

«ሁለቱ ክላኖች አንድ ይሆናሉ። መሪው ከደሴ፣ ተባባሪ መሪዎች ከየከተማው አንዳንድ ይሆናሉ። በተከታታይ ሁለት ጦርነት ላይ ጥቃት ያላደረገ ይሰናበታል። የሊጉን ተጨማሪ ሜዳሊያ (ሽልማት) መሪው ለመረጠው ይሰጣል።»

ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩት። ከዚህ ቀደም 22 አንቀጽ ያለው ደንብ ጽፈን ነበር፤ ከእኔ በቀር ያነበበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አላውሃ (ወልድያ)፦

ጦሳ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ረቂቅህን ቡና እስኪቀርብ ብዬ ጀመርኩት፤ አቦሉ ሳይቀዳ አለቀ። ማጠሩ ደግ ነው። ያጠረው ግን ሒሳቡም ጭምር ነው። እናንተ 31፣ እኛ 27፣ በድምሩ 58 ነን። ክላሽ ኦፍ ክላንስ ደግሞ አንድ ክላን ውስጥ ከ50 ሰው በላይ አያስገባም። ስምንት ሰው ደጅ ሊቀር ነው። እነዚያን ስምንት የሚመርጠው ማን ነው? እኔ አልመርጥም፤ ከመካከላቸው የሠርግ ጥሪ የላኩልኝ አሉ።

«መሪው ከደሴ» የሚለውንም ማን እንዳጸደቀው አላወቅሁም። አይጠየፍ አዳራሽ ያለው እናንተ ዘንድ መሆኑን አልክድም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ግን ግብር ሊያበሉበት ነው፤ የክላን ሥልጣን አብሮ የተቀመጠ አይመስለኝም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልን፤ ስምንቱን ሰው ማናችንም አላየነውም ነበር።

እንዲያውም አንድ ክላን ማድረጉ ይቅር። ሁለቱ እንዳሉ ይቀመጡ፣ አመራሩና ደንቡ ግን አንድ ይሁን። በየወሩ በሚካሄደው ሊግ አንድ ክላን የሚያሰልፈው 15 ወይም 30 ተጫዋች ነው። አንዱ ቤት 30፣ ሌላው 15 ቢያሰልፍ 45 ሰው ይጫወታል፣ 13 ያርፋል። የሚያርፍ ደግሞ ምንጊዜም አይጠፋም፤ ፈተና የደረሰበት ተማሪ አለ፣ እንደ እኔ የሌሊት ፈረቃ የተመደበ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ሚሌ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር አለ። ስማቸውን ላይ ቤትና ታች ቤት እንበላቸው።

ጉጉፍቱ (ደሴ)፦

ላይ ቤት ታች ቤት ማለት ለአቋቋም ትምህርት ያምራል። እኛ ጋ ግን ታች ቤት የተመደበ ሰው በማግስቱ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይወጣል። በየወሩ እየተፈራረቁ የሚገቡበት ካልሆነ አልደግፍም።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ማባረር ነው። የየካቲቱን ሌሊት የረሳችሁት ትመስላላችሁ። አንድ ተባባሪ መሪያችን በሁለት ኮከብ ተሸንፈን ተናደደና እኛ በተኛንበት 11 አባላት አስወጣ። ከ11ዱ ስድስቱ ጥቃት ያላደረጉት መብራት ጠፍቶባቸው ነበር። አራቱን ለምነን መለስናቸው። ሰባቱ ሌላ ክላን ገቡ። ባለፈው ወር በወዳጅነት ጦርነት ገጥመናቸው እንዴት እንዳሸነፉን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኔን መንደር በሦስት ኮከብ ያፈረሰው ያው መብራት ጠፋብኝ ያለው ልጅ ነው።

ጨዋታው ተባባሪ መሪ «ሽማግሌ» የሚል ማዕረግ ያለውንም ተራውንም አባል ማስወጣት እንዲችል አድርጎ ነው የተሠራው። ማንንም አይጠይቅም። «ከማባረር በፊት እንመካከር» ብለን ብንጽፍ የሚያስገድድልን ነገር የለም። ስለዚህ ደንብ ከማብዛት ማዕረጉን ማሳነስ ይሻላል። አሁን ዘጠኝ ተባባሪ መሪ አለን። ዘጠኝ! ለ31 ሰው።

ላስታ (ላሊበላ)፦

ጉጉፍቱ ያልከው ልክ ነው፤ ሆኖም ማዕረጉ ሲበዛ እንዳየኸው ሁሉ ሲያንስ የሆነውን እኛ አይተነዋል። ነሐሴ 2013 ወልድያና አካባቢው ስልክ ሲቋረጥ መሪያችን እዚያው ነበር፤ ብቸኛው ተባባሪ መሪ እኔ ነበርኩ፣ እኔም ላሊበላ። ከሁለታችንም ድምፅ ጠፋ። አዲስ አበባ ያሉት አባሎቻችን ጦርነት ማስጀመር እንኳ አልቻሉም፤ ሽማግሌ ነበሩና ማዕረጋቸው አይፈቅድም። ጨዋታው ራሱ መሪ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ሥልጣኑን ለሌላ ያስተላልፋል፤ እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው ግን የለም። ስንመለስ ከ46 የቀሩት 9 ናቸው።

በዚያ ወቅት ስለ ጨዋታ ማሰብ ቅንጦት ነበር፤ አሁንም የማነሣው ለዚህ ረቂቅ ስለሚጠቅም ብቻ ነው። ተባባሪ መሪ ከአምስት አይብለጥ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ግን ከወሎ ውጪ የሚኖሩ አባሎቻችን ይሁኑ። ይህን ረቂቁ ውስጥ አስገቡልኝ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፦

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ፤ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር።

ከውጭ ደንብ ከምንቀዳ ከራሳችን ቅሬ ለምን አንነሣም? ቅሬ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ምክንያት ያለው አስቀድሞ ያሳውቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት ተቋም ስንት ዘመን ቆሟል። ማንም ሰው በአንድ ሌሊት 11 ሰው ከቅሬ ሲያስወጣ አልሰማሁም።

ጉጉፍቱ፦

ወንድሜ፣ ቅሬን አከብራለሁ፤ አባቴ ጸሐፊ ነበሩ። ግን አንድ ነገር ዘልለሃል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቀባሪ አያገኝም። ቅጣቱን የሚከፍለው፣ በዝናብ ድንኳን ተሸክሞ የሚሄደው ለዚህም ነው። ከክላን የወጣ ሰው ግን አንዲት ቁልፍ ነክቶ ቡናው ሳይበርድ ሌላ ክላን ገብቷል። መውጫው ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት ውስጥ ቅጣት አይሠራም። የሚሠራው ሰው እንዳይወጣ የሚያደርገው ነገር ነው።

ሐይቅ ዳር፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። ታዲያ ሰዎች የወጡት በምን እንደሆነ ብንጠይቅስ? ባለፈው ዓመት ከእኛ ለወጡት በግል ጽፌላቸው ነበር። የመለሱልኝ ስምንት ናቸው፤ አምስቱ ያነሡት ሜዳሊያ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ተጫውቶ 19 ኮከብ ያመጣ ልጅ (ቢበዛ የሚቻለው 21 ነው፣ በቀን አንድ ጥቃት፣ በጥቃት ሦስት ኮከብ) ተጨማሪ ሜዳሊያው 12 ኮከብ ላመጣ የመሪው ጓደኛ ሲሄድ አየ። አልተቆጣም፤ ወጣ እንጂ።

ጦሳ፦

ያ መሪ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ያን ወር ለሁሉም የጨዋታውን ወታደር ሲለግስ ስለከረመ ነበር የሰጠሁት። ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም። በረቂቁ «መሪው ለመረጠው» የሚለውን ሰርዙት።

አላውሃ፦

ደግ አደረግህ ልጄ። ይህን የሚጽፍ መሪ ብዙ አላየሁም።

እኔ በወጣትነቴ ባንክ ቤት የማታ ተረኛ ሳለሁ የቆዩትን የኮምፒውተር ጨዋታዎች ታሪክ ሳነብ አድር ነበር። የእኛ ጭቅጭቅ አዲስ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤቨርኩዌስት ውስጥ አንድ ዘንዶ ለመግደል ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሰዓታት ይፈጅበት ነበር፤ ዘንዶው ሲወድቅ የሚገኘው ዕቃ ግን ጥቂት ነው። ማን ይውሰድ? ተጫዋቾቹ ራሳቸው «የዘንዶ ገዳይ ነጥብ» የሚባል ሒሳብ ፈጠሩ። በዘመቻ የተሳተፈ ነጥብ ያገኛል፣ ዕቃ የወሰደ ከነጥቡ ይቀነስበታል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት 40 ሰው የሚሳተፍበት ዘመቻ ስለነበረው ዘዴው እዚያም ተስፋፋ።

ችግር ግን አላጣውም። ነባሮቹ ነጥብ እያጠራቀሙ ሲከመሩ አዲስ የገባው ዕድሜ ልኩን አይደርስባቸውም። ስለዚህ አንዳንዶቹ የተጠራቀመው ነጥብ በየጊዜው እንዲቀንስ አደረጉ። እኛም ያንን እንውሰድ፤ ወር በተለወጠ ቁጥር የቆየው ነጥብ በግማሽ ይቀንስ።

ቦርከና፦

ጋሼ፣ ነጥቡን ማን ይመዘግባል? እኔ ሌሊት የምሠራ ሰው ሠንጠረዥ አልሞላም። ነገሩ በእቁብ መልክ ቢሆንስ? የስም ዝርዝር ይውጣ፤ ተጨማሪ ሜዳሊያ የደረሰው ወደ መጨረሻ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ማንም ዓይቶ ተራውን ያውቃል።

ጉጉፍቱ፦

እቁብ በልቶ የሚጠፋውስ?

ቦርከና፦

ለእሱማ እቁብም መድኃኒት አለው፤ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ ላይ አይበላም። ሁለት ሊግ ሳይጫወት ዝርዝሩ ውስጥ አይግባ።

ሐይቅ ዳር፦

ሁለቱ ይቀላቀሉ። ከሚሰጡት ተጨማሪ ሜዳሊያዎች ግማሹ ለኮከብ፣ ግማሹ ለተራ። ብዛቱ እንደ ሊጉ ደረጃና እንዳሸነፍነው ጦርነት ስለሚለያይ ቁጥር ባንጽፍ ይሻላል። ጎዶሎ ከወጣ ትርፉ ለተራው ይሁን፤ ኮከብ የሚያመጣው እንደሆነ መንገድ አያጣም። የኮከቡን ድምር ጨዋታው ራሱ ስለሚያሳይ መዝጋቢ አያስፈልገንም። ጋሼ፣ የግማሹ ቅነሳ ቀረ፤ ቅር እንዳይልዎት።

አላውሃ፦

አይለኝም። ማን ሊመዘግብ ነው የሚለውን ስጽፈውም አላሰብኩትም።

ላስታ፦

የሽማግሌው ጉዳይ ይታሰብበት። ወታደር አብዝቶ ለለገሰ የምንሰጠውን የጨዋታውን ማዕረግ «ሽማግሌ» ብለን ተርጉመናል። የእኛው ሽማግሌ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ሁለት ሰው ሲጣላ ይፈርዳል፤ ሲከፋውም አንዱን ያስወጣል። ወሎ ውስጥ ሰው ሲጣላ አበጋር የሚጠራው እኮ አበጋሩ ሥልጣን ስላለው አይደለም፣ ሁለቱም ስለሚያምኑት ነው። በጨዋታው ምንም ማዕረግ የሌላቸው ሁለት ሰዎች እንምረጥና ጠብ ሲነሣ እነሱ ይስሙ። ማስወጣት አይችሉም፤ ስለማይችሉም ማንም አይፈራቸውም።

ጦሳ፦

ይህን ወድጄዋለሁ። እስካሁን ያላችሁትን ይዤ እንደገና ጻፍኩት፦

«ሁለቱ ክላኖች በስማቸው ይቀጥላሉ፣ በአንድ ደንብ ይተዳደራሉ። በየወሩ ሊግ አንዱ 30፣ ሌላው 15 ያሰልፋል፤ የት እንደሚሰለፍ በየወሩ ይፈራረቃል። ተባባሪ መሪ በየክላኑ ከአምስት አይበልጥም፣ ሁለቱ ከወሎ ውጪ የሚኖሩ ይሆናሉ። ጥቃት የማያደርግ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሳይናገር ሁለት ጊዜ የቀረ የሚቀጥለውን ሊግ ያርፋል እንጂ አይባረርም። መብራትና ኔትወርክ የጠፋበት በተመለሰለት ሰዓት ከተናገረ እንደተናገረ ይቆጠራል። ተጨማሪ ሜዳሊያ ግማሹ በኮከብ፣ ግማሹ በተራ ይሰጣል፤ ሁለት ሊግ ያልተጫወተ ተራ ውስጥ አይገባም። ማዕረግ የሌላቸው ሁለት አበጋሮች ይመረጣሉ።»

ቦርከና፦

ሰዓት ጨምርበት። ሊጉን የምናስጀምርበት ሰዓት ሰባቱንም ቀን ስለሚከተለን ቀኑ የሚዘጋው ምሽት 12 ሰዓት ላይ እንዳይሆን። በረመዳን መግሪብ ሲደርስ ስልክ የሚይዝ ሰው የለም። ባለፈው ጊዜ ስድስት ጥቃት ሳይደረግ የቀረው በዚያ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሁን፤ ተራዊህ ያልቃል፣ ጾመኛውም ክርስቲያን እራቱን በልቷል፣ የሌሊት ጥቅል የሚገዛውም አይቸገርም።

ጦሳ፦

ገብቷል። አሁን የቀረን የመሪው ነገር ብቻ ነው። «ከደሴ» የሚለውን አንሥቻለሁ።

አላውሃ፦

እንግዲህ ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው በአንድ ክላን አንድ መሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያ መሪ ከፈለገ ተባባሪዎቹን ሁሉ ያስወጣል። ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር መርከቦች ጨዋታ የሆነውን ልንገራችሁ። ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የሚባል ትልቅ ኅብረት ነበር፤ በጦርነት ሊያፈርሱት ብዙ ደክመዋል። በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. ግን አንድ የውስጥ ሰው፣ የዳይሬክተር ሥልጣን የነበረው፣ ወደ ተቀናቃኙ ጉንስዋርም ከድቶ ኅብረቱን በተነው። አንድ መርከብ አልተኮሰም። ቁልፉ በእጁ ነበር።

መሪነቱን በየሦስት ወሩ እናዙር ብትሉ ያስረከበው ተባባሪ መሪ ይሆናል፣ የተረከበው ደግሞ አልመልስም ቢል ማንም አያስገድደውም። ባናዞረው ደግሞ የነሐሴው ነገር ይመጣል።

ጉጉፍቱ፦

ሁለት ክላን መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የደሴውን ክላን መሪነት ከወልድያ ሰው ይያዝ፣ የወልድያውን ከደሴ ሰው። አንዱ ቢያጠፋ የሌላው ቤት በእጃችን ነው።

ላስታ፦

የመያዣ ልጅ መስጠት አስመሰልከው።

ጉጉፍቱ፦

ድሮም ሠርቷል።

ጦሳ፦

ሁለቱንም ለድምፅ አቀርባለሁ፣ ብቻዬን አልቆርጠውም። ሀ፦ መሪነት በየሦስት ወሩ ይዞራል። ለ፦ ሁለቱ ክላኖች መሪ ይለዋወጣሉ። ጋሼ፣ ለ ካለፈ የእኛን ክላን ይረከባሉ?

አላውሃ፦

እረከባለሁ፤ የእኛን ግን አንተ አይደለህም የምትረከበው፣ ቦርከና ናት።

ቦርከና፦

ጋሼ! እሁድ ከፈረቃ የምወጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ አልደርስም። ድምፄን ከአሁኑ መዝግቡልኝ፦ ሀ።