ጥቆማ፦ ጅማ ላይ በአዋላጆች እጅ ለመውለድ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፣ 34 ሳምንት ገብታለች። በክትትሏ እስካሁን የታየ ችግር የለም። እሷ ጤና ጣቢያ አዋላጆቹ ዘንድ መውለድ ትፈልጋለች፤ እናቷ ግን «ኦፕራሲዮን የሌለበት ቦታ እንዴት ተብሎ!» ይላሉ። የምንኖረው ጅማ ከተማ ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያ፣ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ወይስ የግል? የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን።

አዋላጅ ነርስ፦ ወንድሜ፣ እናቷ ያለ ምክንያት አልፈሩም፤ የባለቤትህም ምርጫ ግን ጥሩ ምርጫ ነው። ከቦታው በፊት የሚታየው የእሷ ሁኔታ ነው። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ልጁ በቂጡ ወይም አግድም የተኛባት፣ እንግዴ ልጁ ከታች የተቀመጠባት፣ ግፊቷ 140/90 የደረሰ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባት፣ ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስን የሚያሳየው ልክ) ከ7 የወረደ፣ ባለፈው ወሊዷ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ምጧ ከ37 ሳምንት በፊት የመጣ እናት በቀጥታ ሆስፒታል ነው የምትወልደው። እዚህ ላይ ድርድር የለም። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው፣ ቀጣዩን እርግዝና ከደም አለመጣጣም የሚጠብቀው የአንቲ ዲ መርፌ የት እንደሚገኝ ከአሁኑ ጠይቁ።

36 ሳምንት ላይ የልጁ አቀማመጥ እንደገና ይታይላት። ቀደም ሲል «ጭንቅላቱ ታች ነው» ተብሎ ካርዱ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ዝም አይባልም።

ይህን ሁሉ ካለፈች ጅማ ጤና ጣቢያ፣ ከፍተኛ ሁለት፣ መንደራ ቆጪ ወይም ቦቾ ቦሬ፣ ለቤታችሁ የሚቀርበው ይሁን። ከተማ ውስጥ በመሆናችሁ ትልቅ ዕድል አላችሁ፤ ከየትኛውም ጤና ጣቢያ ሆስፒታል ለመድረስ የወረዳ መንገድ አያቋርጡም። ወሊዱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦ እኔ የምጨምረው የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ አገር ወደ 64 ሺህ የሚጠጉ፣ አስጊ ሁኔታ የሌለባቸው እናቶች የተካተቱበት ጥናት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በአዋላጆች ብቻ በሚመሩ ማዕከላት ሊወልዱ ያቀዱት እናቶች ልጆች ላይ ሆስፒታል ካቀዱት የባሰ ጉዳት አልታየም፤ ኦፕራሲዮኑም ያነሰ ነበር። ግን ከሆስፒታል ተነጥለው ካሉት ማዕከላት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚወልዱት 100 እናቶች 36ቱ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ቀድሞ የወለዱት ዘጠኝ ያህል ብቻ ናቸው። ዋናው ምክንያት ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን የምጥ መዘግየት ነበር። ያ ውጤት የተገኘው አምቡላንሱም ተቀባዩ ሆስፒታልም ዝግጁ በሆኑበት አገር ነውና እኛ ዘንድ ማዛወሩ ራሱ መታቀድ አለበት። «ሪፈር ተባልን» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለመጀመሪያ ልጅ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሚያስፈራው ሪፈሩ ሲዘገይ ነው።

ሸነን ጊቤ ኦፕራሲዮን ይሠራል። የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ወይም ውስብስብ ችግር ካለ ግን ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከመላው ደቡብ ምዕራብ የሚላኩ ከባድ ሕሙማንን ስለሚቀበል ይጨናነቃል፤ ጤነኛ ምጥ እዚያ ወረፋ ይዞ ከሚጠብቅ አንዲት አዋላጅ አጠገቧ የማትለይበት ቦታ ቢሆን እመርጣለሁ። የግል ተቋም ካሰባችሁ ደግሞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምናውን ማን እንደሚሠራ፣ ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥና ደም ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። መልሱ «እንደውላለን» ከሆነ ከጤና ጣቢያው አይበልጥም፤ ልዩነቱ ክፍያው ነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያውን ቀድመን ሄደን ብናየው ምን እንጠይቅ?

አዋላጅ ነርስ፦ ሂዱ፣ አብራችሁ ሂዱ። ማዋለጃ ክፍሉን ማሳየት የተለመደ ነው። አምቡ ባጉ፣ ማለትም ላልተነፈሰ ልጅ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ባግ፣ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። ከማዋለጃው አልጋ አጠገብ እንጂ ቁልፍ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ መሆን የለበትም፤ ያልተነፈሰ ልጅ አየር ማግኘት ያለበት በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ጭንብሉ በሁለት መጠን፣ 0 እና 1፣ መኖር አለበት። አዋላጇ ጭንብሉን መዳፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ባጉን ስትጨምቀው አየሩ መዳፏን ይገፋል። አጥብቃ ስትጨምቅ ቫልቩ ፍሽ ብሎ ይተነፍሳል፣ ስትለቀው ባጉ ወዲያው ይሞላል። ተጨምቆ የቀረ ወይም በጎን የሚያፈስ ባግ ሌሊት ላይ ልጅ ያሳጣል።

ፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጡ ሂደት በየሰዓቱ የሚመዘገብበት ቅጽ፣ እንደሚሞሉም ጠይቁ። ምጡ ከጠና በኋላ የልጁ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ ማማጥ ስትጀምር በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይጠበቃል። ከወለደች በኋላ የሚሞላ ፓርቶግራፍ ዋጋ የለውም፤ ምጡ እንደቆመ የሚያሳየው በሰዓቱ ሲሞላ ብቻ ነው።

ፋርማሲስት፦ ፍሪጁን አትርሱ። ልጁ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭኗ ላይ የሚሰጠው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን የደም መፍሰስ ዋና መከላከያ ነው፤ የሚቀመጠውም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲውል ወይም ብልቃጡ ማዋለጃ ጠረጴዛው ላይ ሲከርም ኃይሉ ይቀንሳል፣ መልኩ ግን አይለወጥም። መርፌው ተሰጥቶ ማህፀኗ ተኮማትሮ ያልጨበጠ እናት አንዳንዴ ምክንያቷ ይሄ ነው። ፍሪጁ ላይ ቴርሞሜትርና በየቀኑ የሚሞላ ቅጽ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋስ ጀነሬተር ወይም ሶላር? በተጠባባቂነት ፍሪጅ የማይፈልገው ሚሶፕሮስቶል፣ እንዲሁም ከግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌትና ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ መኖራቸውን ጠይቁ። ትራኔክሳሚክ አሲዱ አንድ ግራም ነው፤ የሚጠቅመው ከወሊድ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ሲሰጥ ነው።

ጠያቂው፦ ምጡ ከዘገየ ማፋጠኛ መርፌ ይሰጣል የሚባለውስ?

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፦ ማፋጠኛው ያው ኦክሲቶሲን ነው፤ ከወሊድ በኋላ መድኃኒት ነው። ከወሊድ በፊት ኦፕራሲዮን በሌለበት ቦታ ከተሰጠ ግን ማህፀን ሊቀድ፣ ልጁንም ሊያፍን ይችላል። ማፋጠን ካስፈለገ በሆስፒታል፣ በሚቆጠር ጠብታ፣ የልጁ ልብ እየተደመጠ ነው። በጡንቻ ልወጋት የሚል ካለ እምቢ በሉ፣ ሪፈር ጠይቁ። ሆዷን ከላይ መጫንም ቤት ውስጥ የሚጠጣ የምጥ ቅጠልም እንደዚያው፣ ይቅርባት።

አዋላጅ ነርስ፦ ስለ ማዛወሩ። ከጤና ጣቢያው ከመነሣቷ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፦ የደም ሥሯ በወፍራም ካኑላ (ፈሳሽና መድኃኒት መስጫ ቱቦ) ይከፈታል፣ ተቀባዩ ሆስፒታል ይደወልለታል፣ ፓርቶግራፉ አብሯት ይሄዳል፣ አዋላጅም አብራ ትሄዳለች። ግፊቷ ጨምሮ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካላት የማግኒዚየም የመጀመሪያ ዶዝ ሳይሰጣት አትንቀሳቀስም። ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት ከሆነ ማህፀኗ እየታሸ ነው የምትጓዘው። ብቻዋን በባጃጅ አትላክም። ሆኖም አምቡላንስ የሚዘገይበት ሌሊት ስላለ፣ በተለይ በክረምቱ ዝናብ፣ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ያዝ። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎችም ከአሁኑ ተዘጋጅተው ይቆዩ።

የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ ምጡ በ10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ እየመጣ እያንዳንዱ 40 ሰከንድ ሲቆይ ሂዱ። ሽርት ውሃው ከፈሰሰ ግን ምጥም አትጠብቁ፤ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ወደ ሆስፒታል። ከወለደች በኋላ 24 ሰዓት ትቆይ። ገንፎውን እናቷ ይዘው ይምጡ፣ አትከለከልም፤ «ደህና ነች፣ ቤት እናርሳት» ተብሎ በሦስተኛው ሰዓት የሚወጣ ግን አደጋ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ማህፀኗና ደሟ ይታያል። አንድ ሞዴስ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከራሰ ወዲያው አዋላጇን ጥሩ።