የአጥንት ካንሰር ፖስትዶክ፦ የሁለት ገጽ የምርምር ዕቅድ ውስጥ ምን ይግባ?

ሐመልማል

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የባዮሜዲካል ምህንድስና ቤተ ሙከራ ኦስቲዮሳርኮማ በተባለው የአጥንት ካንሰር ላይ የሚሠራ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ የሚቀጠር ተመራማሪ) ይፈልጋል። የሚጠየቀው ሲቪ፣ የሦስት ምስክሮች ስምና የሁለት ገጽ የምርምር ዕቅድ ነው። ፒኤችዲዬ በአጥንት ምትክ ማቴሪያሎች ላይ ስለሆነ ጄልና ሴራሚክ አያስቸግሩኝም፤ የካንሰር ሴል ግን ለእኔ አዲስ ነው። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ጄልማ (በብርሃን የሚረጋ ጄላቲን) ውስጥ የሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን) ቅንጣት መጨመር፣ ኤምጂ-63 የተባሉ የኦስቲዮሳርኮማ ሴሎችን መዝራት፣ ከ7 ቀን በኋላ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን የተባሉ የካንሰር መድኃኒቶችን መስጠት፣ የተረፉትን ሴሎች አላማር ብሉ በተባለ የሚያበራ ማቅለሚያ፣ ማዕድኑን አሊዛሪን ሬድ በተባለ ቀለም መለካት። መራጮቹ የቱ ጋ ይይዙኛል? ማስታወቂያው የራሱን ፌሎውሺፕ (የምርምር ደመወዝ ድጋፍ) ይዞ ለሚመጣ ቅድሚያ እንሰጣለን ስለሚል፣ ለውጭ ዜጋ ክፍት የሆኑትንም ብትጠቁሙኝ።

ቅልጥም

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚይዙሽ ሴሉ ላይ ነው። ኤምጂ-63 በቀላሉ ይባዛል፤ ማዕድን የማስቀመጥ አቅሙ ግን ደካማ ስለሆነ ስለ ማዕድን ለሚጠይቅ ሥራ አይመረጥም። ሌላው የኦስቲዮሳርኮማ ሴል ሳኦስ-2 አልካላይን ፎስፋቴዙ (ፎስፌት የሚያላቅቀው ኢንዛይም) ከፍተኛ ነው፣ ማዕድንም በደንብ ያስቀምጣል፤ ዕጢን የሚገታው ፒ53 ፕሮቲን ግን ጨርሶ የለውም። ዩ2ኦኤስ ያልተለወጠ ፒ53 አለው። 143ቢ ደግሞ ኤችኦኤስ ከተባለ ሴል በኬ-ራስ የካንሰር ጂን ተለውጦ የተገኘ ሲሆን አይጥ ውስጥ ወደ ሳንባ ይሰራጫል። ቢያንስ ሁለቱን ያዢ፤ ለምን እንደመረጥሻቸውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። የዲኤንኤ ማንነት ምርመራና በየወሩ የማይኮፕላዝማ (ካልቸር የሚበክል ባክቴሪያ) ምርመራ እንደምታደርጊ አለመጥቀስ ለካንሰር ሴል አዲስ መሆንሽን ወዲያው ያሳብቃል።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄው ነው። «ሞዴል መሥራት» ጥያቄ አይደለም። ኦስቲዮሳርኮማ በብዛት በጉርምስና ዕድሜ፣ ጉልበት አካባቢ ባሉ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ይነሣል። ሕክምናው ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአብዛኛው ሜቶትሬክሴት፣ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን ከቀዶ ሕክምና ጋር ነው፤ ሳንባ ደርሶ የተገኘ ሕመምተኛ የመዳን ዕድል ዛሬም ዝቅተኛ ነው። ሞዴልሽ ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደሚፈታ ተናገሪ። ለምሳሌ፦ ዕጢው ዙሪያ ያለው ማዕድን ሴሎቹ መድኃኒት እንዲቋቋሙ ያደርጋል?

ይህን ከመረጥሽ ወጥመዱ እዚሁ አለ። ሃይድሮክሲአፓታይት ስትጨምሪ ሦስት ነገር አብሮ ይለወጣል፦ ጄሉ ይጠነክራል፣ ካልሲየምና ፎስፌት ይለዋወጣል፣ ቅንጣቱም ራሱ መድኃኒት ይይዛል (ዶክሶሩቢሲንንም ሲስፕላቲንንም ተሸካሚ ሆኖ የሚጠናው ለዚህ ነው)። ስለዚህ ሴሎቹ «ተቋቋሙ» የምትይው መድኃኒቱ ስላልደረሳቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት መቆጣጠሪያ ያስፈልግሻል። አንዱ ተመሳሳይ መጠን ያለው የፖሊስታይሪን ቅንጣት የተጨመረበት፣ ጥንካሬው በመጭመቂያ ሙከራ ከማዕድኑ ጄል ጋር የተመጣጠነ ጄል ነው። ሌላው ሴል የሌለው የማዕድን ጄል ነው፤ መድኃኒት ጨምረሽ በ1፣ በ6፣ በ24 እና በ72 ሰዓት ሚዲየሙ ውስጥ የቀረውን ትለኪያለሽ። ይህች አንዲት አንቀጽ ከቀረው አንድ ገጽ ተኩል ትበልጣለች።

ፒፔት

መድኃኒቱ ላይ ልጨምር፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ሲስፕላቲንን በዲኤምኤስኦ (የተለመደ የመድኃኒት ማሟሚያ) አያሟሙት። ዲኤምኤስኦ ከፕላቲነሙ ጋር ይጣበቅና መድኃኒቱን ያዳክመዋል፤ ከዚያ የሚመጣው «የተቋቋመ ሴል» ሐሰት ነው። በ0.9% የጨው ውሃ ይሟሟ፣ ከብርሃን ይጠበቅ።

ዶክሶሩቢሲን ራሱ ያበራል፤ ብርሃኑም 590 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚወጣ በአላማር ብሉ ከሚነበበው ጋር ይደራረባል። የዲኤንኤ ማቅለሚያም መፍትሔ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ዲኤንኤው ውስጥ ይሰካልና። የተሻለው የኤቲፒ (በሕይወት ያለ ሴል የኃይል ሞለኪውል) ብርሃን መለኪያ ነው፤ ለባለ ሦስት አውታር ካልቸር የተዘጋጀውን ይምረጡ። 5 ደቂቃ በኃይል ነቅንቀው 25 ደቂቃ ያቆዩት፤ አለዚያ ጄሉ መሀል ያሉት ሴሎች ሳይፈርሱ ይቀራሉ። ሴል በሌለበት ጄል ላይም ይሞከር።

ሜቶትሬክሴት ካስገቡ ደግሞ ሴረሙ ውስጥ ያለው ቲሚዲንና ሃይፖዛንቲን (የዲኤንኤ መሥሪያዎች) ሴሎቹን ከመድኃኒቱ ያድናቸዋል፤ ዳያላይዝ የተደረገ (ትንንሽ ሞለኪውሎቹ የወጡለት) ሴረም ያስፈልጋል። ሆስፒታል ውስጥ 12 ግራም በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት በ4 ሰዓት ተንጠባጥቦ፣ ከ24 ሰዓት ጀምሮ ማርከሻው ሉኮቮሪን ይከተላል። 72 ሰዓት ሙሉ ሴሉን መድኃኒት ውስጥ መዘፍዘፍ ይህን አይመስልም። ቢያንስ አንድ የአጭር ጊዜ መስጫ ይጨምሩ።

አሊዛሪን ሬድ ማንኛውንም ካልሲየም ያቀላል፤ እርስዎ የጨመሩትን ሃይድሮክሲአፓታይትም። ሳኦስ-2 ላይ 10 ሚሊሞላር ቤታ-ግሊሴሮፎስፌት (የፎስፌት ምንጭ) ከሰጡ ደግሞ ፎስፋቴዙ ብዙ ስለሆነ ፎስፌቱ ዝም ብሎ ይዘቅጣል፤ ቀለሙ ቢያምርም አጥንት አይደለም። ከ2 እስከ 5 ሚሊሞላር ይጀምሩ፣ ሴል የሌለው ጄል ያሳየውን ከውጤቱ ይቀንሱ፣ ክሪስታሉን በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ያረጋግጡ።

ሐመልማል

በጣም አመሰግናለሁ፤ ስለ መድኃኒቱ መያዝ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ጄሉን 8 ሚሊሜትር ስፋት፣ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ላደርገው ነው። ጄልማ 7%፣ ላፕ (ጄሉ በብርሃን እንዲረጋ የሚያደርገው) 0.25%፣ የ405 ናኖሜትር ብርሃን። ውፍረቱ ይበዛ ይሆን?

ቅልጥም

ይበዛል። ኦክስጅን ሴል በሞላበት ነገር ውስጥ ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ካለፈ ያንሳል፤ በዚህ ውፍረት መሀሉ መድኃኒት ሳይነካው ይሞታል። 1 ሚሊሜትር አድርጊው፣ በሚሊሊትር 1 ሚሊዮን ሴል አካባቢ ጀምሪ። የኦክስጅን እጥረቱን ሆን ብለሽ የምትፈልጊው ከሆነ በፒሞኒዳዞል ቀለም አሳዪው።

ሌላው፣ የማዕድን ቅንጣት ብርሃን ይበትናል፤ ላዩ ሲረጋ ታቹ ልል ይሆናል። ከሁለቱም ወገን አብሪበት። ቅንጣቱ እንዳይዘቅጥ ድብልቁን ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዘሽ ሲወፍር ወዲያው በብርሃን አርጊው። የጄልማው ሜታክሪሌሽን (በብርሃን የሚያያዙት ቡድኖች) መጠን ከባች ባች ይለያያልና እያንዳንዱን ባች ለኪው፤ ያለዚያ የጥንካሬው ንጽጽር ዋጋ የለውም።

ሰኞ ገበያ

የአይጥ ሙከራ በዕቅዱ መጨረሻ መጥቀስ ከፈለጉ አንድ ጥንቃቄ፦ ሴል ወደ አይጥ ቅልጥም ሲወጋ መጠኑ ከ10 ማይክሮሊትር አይለፍ። ከበዛ ግፊቱ ሴሉን ወደ ደም ሥር ይገፋውና በቀጥታ ሳንባ ይገባል፤ በኋላ «ተሰራጨ» ተብሎ ይቆጠራል። በተወጋ ማግስት ሳንባውን በባዮሉሚነሰንስ (ሴሎቹ በሚያወጡት ብርሃን) መፈተሽ ይህን ይለያል።

ፌሎውሺፕ፦ የአውሮፓው ማሪ ኩሪ ፖስትዶክ ለሁሉም ዜጋ ክፍት ነው። ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 ዓመት የምርምር ልምድ ይፈቅዳል፣ ባለፉት 36 ወራት ውስጥም በሚሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መሥራት ይከለክላል። ጀርመን ከሆነ የሁምቦልት ፌሎውሺፕን ይመልከቱ። አሜሪካ ከሆነ ከኤንአይኤች (የአገሪቱ የጤና ምርምር ተቋም) ድጋፎች ኤፍ32 ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ ስለሆነ ጊዜዎን አይፍጁበት፤ ኬ99 ግን ዜግነት አይጠይቅም። ማሪ ኩሪን የሚጽፉት ከአስተናጋጁ ቤተ ሙከራ ጋር ነው። ስለዚህ የማመልከቻ ደብዳቤዎ ላይ «አብረን እናመልክት» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነቀነ ገደቡ ይግባ፤ ለምስክሮችዎም የዕቅዱን ረቂቅ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይላኩላቸው።