ከደብረ ብርሃን ጫጫ ደርሶ መልስ፦ ብስክሌት አዘውትሬ እነዳለሁ፤ ፍጥነቴ ግን ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ የጠባሴው ሒሳብ ሠራተኛ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ የሒሳብ ሥራ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ከወንበር አልነሣም። ከአምስት ወር በፊት ወደ ቢሮዬ የሚያደርሰውን ሦስት ፎቅ ስወጣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ መሃል ላይ ቆሜ ስልክ የማነጋግር መምሰል ጀምሬ ስለነበር፣ ያገለገለ ባለማርሽ ብስክሌት ገዝቼ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት መንዳት ጀመርሁ። ያየሁት ለውጥ ራሴንም አስገርሞኛል፤ ደረጃውን ያለ ማቋረጥ እወጣለሁ፣ ከእንቅልፌ ስነቃ ከመኝታዬ ሳልነሣ የምቆጥረው የልብ ምቴ በደቂቃ ከ76 ወደ 64 ወርዶ ነበር፣ ሌሊት ስለማይገጥም ሒሳብ እያሰብሁ መገላበጤም ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጫጫ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ደርሶ መልሱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጅብኝ የነበረው መንገድ በሦስት ወር ውስጥ ወደ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ወረደና እዚያው ላይ ቆመ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ብታገል አንዲት ደቂቃ አልቀነሰችም። ይህን ለማሻሻል ስል በሥራ ቀናትም በየጠዋቱ እስኪያልበኝና እስኪያቃጥለኝ ድረስ መንዳት ያዝሁ፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። የጠዋቱ የልብ ምት ወደ 70 ተመልሷል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፣ ባለቤቴም «ይህ ብስክሌት መጀመሪያ አረጋጋህ፤ አሁን ደግሞ ያናድድህ ጀመር» እስከማለት ደርሳለች። ከጫጫ ስመለስ ነፋሱ ምንጊዜም ከፊቴ መሆኑን ጭምር ልብ ብላችሁ፣ ፍጥነቴን የሚጨምር፣ የመጀመሪያውንም ሰላም የሚመልስልኝ ምን ባደርግ እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።


መልስ 1፦ የቀድሞ ተወዳዳሪ

ወንድሜ፣ ችግርዎ ስንፍና ሳይሆን ትጋትዎ ያለ ቦታው መዋሉ ይመስለኛል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ፈጣን ለውጥ ምክንያት አለው። አዘውትሮ የሚነዳ ሰው በቅድሚያ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚበዛ ለተመሳሳይ ሥራ የሚያስፈልጋት የምት ብዛት ይቀንሳል። የእርስዎ ከ76 ወደ 64 መውረድ ይህን ያሳያል። ቀጥሎ የሚመጣው ለውጥ በጡንቻ ውስጥ ነው፤ በጭን ጡንቻ ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት ጥቃቅን አካላት ይበዛሉ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይበራከታሉ። ይህ ግን ወራትና ዓመታት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይበልጡን የሚገነባውም በረጅምና በዝግታ በሚነዳ ጉዞ ነው። እርስዎ አሁን የሚያደርጉት በየቀኑ መካከለኛ ከባድ በሆነ አንድ ዓይነት ፍጥነት መንዳት ነው፤ ይህም ለማረፍ የከበደ፣ ለማሠልጠን ደግሞ የቀለለ ነው። በክለብ ሳለሁ እኔንም ሁለት ዓመት ያባከነብኝ ይኸው ነው።

የምመክርዎ ከአምስቱ ቀን አራቱን እያወሩ ሊነዱ በሚችሉበት ፍጥነት እንዲነዱ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። አምስተኛው ቀን ግን በእውነት ከባድ ይሁን፤ በደንብ ካሟሟቁ በኋላ አራት ደቂቃ ጠንክሮ መንዳት፣ ሦስት ደቂቃ በዝግታ ማረፍ፣ ይህንንም አራት ጊዜ መድገም ይበቃል። ማርሹን አክብደው በእግርዎ ከመታገል ይልቅ አቅልለው ፔዳሉን በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ያህል ማዞር ጉልበትዎንም ይቆጥብልዎታል።

ስለ ነፋሱ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ በሒሳብ ልንገርዎ። ነፋስ ከኋላ ሆኖ 20 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት በ30 ቢነዱ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲመለሱ በ18 ቢነዱ ወደ 67 ደቂቃ ይሆናል፤ ድምሩ 107 ደቂቃ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ47 ነው። የ30 እና የ18 አማካይ 24 ቢሆንም የጉዞዎ እውነተኛ አማካይ 22 ከምናምን ላይ ይቀራል፤ በነፋስ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ነፋሱ ከሰጠዎት ጊዜ ምንጊዜም ይበልጣልና። ስለዚህ ነፋስ ያለበትን ቅዳሜ ነፋስ ከሌለበት ቅዳሜ ጋር ማወዳደር ሚዛኑ በተለያየ ወፍጮ ቤት እህል እንደማስመዘን ነው። በዚያ ላይ አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ኪዩብ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ልክ በመሆኑ፣ ከ22 ወደ 25 ለመድረስ ለአየር ብቻ የሚከፍሉት ጉልበት በግማሽ ገደማ ይጨምራል። እጅዎን ዝቅ፣ ክርንዎን ሰብሰብ አድርጎ መንዳት ከብዙ ሳምንት ልፋት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቆላ አገር ሰዎች ቁጥር ጋር ራስዎን አያወዳድሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ስስ አየር ለመሰንጠቅም ይቀላል፤ ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳበትን ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ወደ ሜክሲኮ ከተማ ከፍታ ወጥቶ ነበር። የእኛ ከተማ ከዚያም ትበልጣለች፤ የጎደለን መወዳደሪያው ሜዳ ነው።


መልስ 2፦ ነርስ ነኝ፣ ጫጫ መስመር

የቀደሙት ወንድማችን ያሉትን ሁሉ እየተቀበልሁ፣ ከጤና በኩል ያለውን ልጨምር። የጠዋት የልብ ምት ለብዙ ቀናት ከተለመደው በላይ መቆየቱ፣ ብስጭቱ፣ የእግር መክበዱ ተደማምረው ሲታዩ አብዛኛውን ጊዜ የዕረፍት ማጣት ምልክቶች ናቸው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ በጣም በዝግታ ይንዱ፤ ካልተሻለዎት ግን ደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ ይመርመሩ። በሚነዱበት ጊዜ ደረትን የሚይዝ ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካለ ደግሞ ያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ በ41 ዓመት ዕድሜ ይህ በቀልድ የሚታይ አይደለም።

ስለ አእምሮ ሰላም ሰው ሁሉ «ኢንዶርፊን ነው» ይላል፤ ሰውነት የሚያመነጨውን ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ማለቱ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ ስለማይዘልቅ ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚያመርታቸው ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም ድርሻ እንዳላቸው ይታሰባል። የእንቅልፍ መስተካከልና በጠዋት ብርሃን ውስጥ መዋልም የራሳቸው አስተዋጽኦ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እርስዎ ይህን አሟልተዋል። ይሁን እንጂ ጭንቀቱ ወይም ድብርቱ የጸና ሰው ብስክሌት ብቻውን ያድነኛል ብሎ ሕክምናውን እንዳያቆም አደራ እላለሁ።

የምግቡ ነገር ቀላል ነው፤ የገብስ አገር ሰዎች ስለሆንን የሚያስፈልገን ከጓዳችን አለ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚነዳ ሰው የበሶ ጭብጦ በኪስ መያዝ ከውጭ ከሚመጣው ብስኩት አያንስም። በጾም ወቅት ከባዱን ቀን ከምግብ በኋላ ወዳለው ሰዓት ያዛውሩት፤ በባዶ ሆድ ጠዋት የሚነዱትን ደግሞ በዝግታ ይሁን።


መልስ 3፦ የድሮ ብስክሌት ጠጋኝ

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ልብህና ስለ ሳንባህ ሲነግሩህ ስለ ብስክሌቱ የጠየቀህ የለም። ያገለገለ ነው ብለሃል። ነገ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሣና በእጅህ አሽከርክረው፤ ጆሮህንም አስጠጋ። «ሽ... ሽ... ሽ...» የሚል ድምፅ በየዙሩ ከሰማህ ቸርኬው ተጣሞ የፍሬኑን ላስቲክ እየነካ ነው፤ አንተም ሰባት ሳምንት ሙሉ ፍሬን ይዘህ ስትነዳ ኖረሃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው እኔ ጋ ሲመጣ ያየሁት ብዙ ነው፤ ጉልበቱ ያለቀበት መስሎት ቫይታሚን ሲውጥ የከረመም ነበረ።

ካቴናውን በነጭ ጋዝ እጠብና ካደረቅህ በኋላ በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምረህ የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀባው፤ አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይበላዋል። የጎማውን ንፋስ በጣትህ ጨምቀህ አትገምት፤ ልኩ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ኮርቻውን ለመለካት ደግሞ ግድግዳ ተደግፈህ ተቀመጥና ተረከዝህን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ አድርግ፤ ያን ጊዜ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግርህ ፊት ስትረግጥ ጉልበትህ በመጠኑ እጥፍ ይላል። በከተማችን አብዛኛው ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ስለሚነዳ ነው ጉልበቴን አመመኝ የሚለው።


መልስ 4፦ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

እኔ ፍጥነቴን ለክቼ አላውቅም፤ መንዳት የጀመርሁትም እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ኀዘኑን ብስክሌቱ አላስወገደልኝም፤ ነገር ግን የኮብልስቶኑን ጉድጓድ፣ ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅና የፍሬኑን ነገር ስከታተል አእምሮዬ ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ሥራ ያገኝ ነበር፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። «ሴት ልጅ በብስክሌት!» የሚለው የመንገድ ዳር አስተያየት በሁለተኛው ወር ደክሞት ዝም አለ።

ለጠያቂው ወንድሜ የምጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ጠዋት ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ እስኪያቅት ድረስ ስለሚበርድ ያለ ጓንት አይውጡ። ወደ ደብረ ሲና ለመውረድ ካሰቡም ከጣርማበር በታች ያለው ቁልቁለት ጉም ሲለብስ መኪና እንኳ መብራት አብርቶ የሚያዘግምበት ስለሆነ፣ ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ ከመውረድ ይልቅ ከመታጠፊያው በፊት ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ቸርኬውን ያግላልና። የገጠር ውሻ ቢያባርርዎ ደግሞ ለማምለጥ አይሞክሩ፤ ወርደው ብስክሌቱን በመካከል አድርገው በእግር ይለፉ። ይህን የተማርሁት ቀሚሴ ከተቀደደ በኋላ ነው።


የጠያቂው መልስ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ እንዳሉት ጎማውን አንሥቼ ሳሽከረክረው ድምፁ ነበረ፤ ከዙሩ አንድ ቦታ ላይ ላስቲኩን እየነካ ያልፋል። ቸርኬውን አስቃናሁ፣ ኮርቻውንም አራት ጣት ያህል ከፍ አደረግሁ፤ የግራ ጉልበቴ ሕመም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አንድ ሳምንት ካረፍሁ በኋላ አራቱን ቀን በዝግታ፣ ረቡዕን ብቻ በከባዱ መንዳት ያዝሁ። በዝግታ መንዳቱ ከከባዱ ይልቅ ከብዶኝ ነበር፤ ቆሎ የጫነ ሕፃን ልጅ በቻይና ብስክሌት አልፎኝ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የጠዋቱ የልብ ምት ዛሬ 63 ነው። ባለፈው ቅዳሜ ነፋስ አልነበረም፤ ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሆነ። ከስምንቱ ደቂቃ ስንቱ የቸርኬው፣ ስንቱ የነፋሱ፣ ስንቱ የእኔ እንደሆነ ለመለየት አንድ ገጽ ሒሳብ ስሠራ ባለቤቴ አይታኝ ወረቀቱን ወሰደችብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓቱን ቤት ትቼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከበሬሳ ድልድይ ስለምነሣ፣ አብሮኝ ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ካለ ፖምፓ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ የእኔው ተሰብሯል።